የአብዶ ድሪቶ

በዚህ አገር ከቁራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ድሪቶ ይባላል፤ እንግዳ ሲመጣም ይደበቃል። ዘንድሮ ግን ጭሮ ከተማ ውስጥ ማዕረግ አገኘ። በቴሌግራም የወጣው ማስታወቂያ «የፈጠራ ስፌት ውድድር» አለው።

ደንቡ አጭር ነበር። ተወዳዳሪው ሱቅ ከፍቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ይሁን፤ ድሪቶውን ቤቱ ካጠራቀመው ቁራጭ ብቻ ይስፋ፤ አንዲት ክንድ ጨርቅ እንኳ አይግዛ። ሽልማቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስፌት መኪና ነው። አዘጋጇ የመቻራን ቡና እያስጫኑ የሚነግዱት፣ ከተማው አዴ ዙለይኻ እያለ የሚጠራቸው ሴት ናቸው። በሕይወታቸው አንዲት ቁልፍ ተክለው አያውቁም፤ ገንዘብ ያለው ሰው ግን ምን እንደሚያምረው አይታወቅም።

ልብስ ሰፊው አብዶ ማስታወቂያውን ደጋግሞ አነበበው። ጫት ተራው አጠገብ ባለችው ሱቁ የሚረግጣት የእግር መኪና አርጅታ ስፌት እየዘለለች ነው። አብዶ ጠንቃቃ ሰው ነው። ጨርቅ እንዳያጥር ደንበኛው ትንሽ ጨምሮ እንዲገዛ ይመክራል፤ ሲያስረክብም «አልሐምዱሊላህ፣ ለጥቂት በቃ» ይላል። እንዲህም ሆኖ ደንበኞቹ አንድ በአንድ መንገዱን ተሻግረው ወደ ሌላው ልብስ ሰፊ፣ ወደ አምባው ሱቅ መሄድ ከጀመሩ ሰንብተዋል። አምባው በኤሌክትሪክ ነው የሚሰፋው። ሰዎቹን የወሰደበት ያ ሞተር እንደሆነ አብዶ አይጠራጠርም። እሱም ሞተር ካላገኘ ከዒድ በኋላ ሱቁን መዝጋቱ ነው።

ቁራጭ አልቸገረውም። ከአልጋው ሥር በማዳበሪያ የታጨቀ ጨርቅ ነበረው። ሚስቱ ኩብራ ማዳበሪያዎቹን እየጎተተ ሲያወጣ አየችና የግቢውን በር ዘጋችው።

«አንተ ሰው፣ ይሄን አደባባይ ልታወጣው ነው?»

«ምን አለበት?»

«ሰው ምን ይላል?»

«ማሻአላህ ይላል። ድሪቶ የሚያሳፍረው ድሮ ነው፤ አሁን ፈጠራ ሆኗል።»

«እንግዲህ እኔ አላየሁም» አለችና ወደ ማድ ቤት ገባች።

አብዶ ጾሙን በስፌት ገፋው። ቀዩን ሳቴን ከወርቃማው የመጋረጃ ጨርቅ፣ አበባማውን ከሰማያዊው አጋጠመ፤ ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ ከፈፈው። ሲጨርስ ድሪቶ መሆኑ ቀርቶ ሙሽራ የሚጋረድበት ነገር መሰለ። እጁ ላይ ችግር እንደሌለ የሚጠሉትም ያምናሉ።

በውድድሩ ቀን አዴ ዙለይኻ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ከሂርናና ከበደሳም ልብስ ሰፊዎች ይመጣሉ ተብሎ ነበር፤ መንገድ ተበላሸባቸው ተባለ። አብዶና አምባው ብቻቸውን ቀሩ። አብዶ አላዘነም። አዴ ዙለይኻ የሽልማቱን ካርቶን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው መጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አብዶ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከካርቶኑ አልነቀለም።

ከኋላ ሴቶች ተቀምጠዋል። ሉባባ አለች፣ ኢንሳፍ አለች፣ ፈይሩዝ አለች። ሁሉም ባንድ ወቅት ደንበኞቹ ነበሩ። ሊያበረቱት መምጣታቸው ደስ አሰኘው። ሰላምታውን የመለሱለት ቀዝቀዝ ብለው ነው፤ ጾም ያደክማል።

መጀመሪያ የአምባው ድሪቶ ተዘረጋ። አብዶ ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው፤ አሸተተውም።

«አዴ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ይሄ ትናንት ከጣቃ ላይ የተቆረጠ ጨርቅ ነው። የሱቅ ሽታው እንኳ አልለቀቀውም።»

«ገዝተህ ነው?» አሉ አዴ ዙለይኻ።

«ገዝቼ ነው» አለ አምባው፣ ምንም ሳያፍር። «እኔ ቤት ቁራጭ አያድርም።»

አብዶ ሳቀ። «ቁራጭ የሌለው ልብስ ሰፊ። እንግዲህ ወፍጮ ቤቱም ዱቄት የለኝም ይበለና እንረፍ አቦ።»

ከሴቶቹ ማንም አልሳቀም።

«አንተስ?» አሉት አዴ ዙለይኻ። «ያንተ አለመገዛቱን በምን አውቃለሁ? ኋላ ደግሞ ሰው እንዳያማህ።»

አብዶ የሚጠብቀው ይህንን ጥያቄ ነበር። ድሪቶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋው። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ጸጥታውን እንደ አድናቆት ወሰደው።

«ይሄ ቀይ ሳቴን የሉባባ የኒካህ ቀሚስ ነው። ወርቃማው የኢንሳፍ የሳሎን መጋረጃ። አበባማው የፈይሩዝ ድሪያ ቀሚስ፤ ከድሬዳዋ ያመጣችው ነው፣ እዚህ ሱቅ ፈልጋችሁ አታገኙትም።»

«እርግጠኛ ነህ? የሌላ ሰው ጨርቅ እንዳይሆን።»

«ወላሂ፣ አዴ፣ የጨርቅ መልክ አይጠፋኝም። የሰው ይጠፋኛል እንጂ።»

«ዙሪያውን ያለው ጥቁሩስ?»

«ይሄማ የእርስዎ ነው። ለሐጅ ያሰፉት አባያ። ዙሪያውን ሁሉ ከፍፌበት ገና ቤት የተረፈ አለኝ።»

አዴ ዙለይኻ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ አምባው ዞረው «አንተ ደንብ አፍርሰሃል፣ ልጄ፤ ወደ ሥራህ ሂድ» አሉት። አምባው ድሪቶውን አጣጥፎ፣ ሴቶቹን በአክብሮት ተሰናብቶ ወጣ።

አብዶ ሸሚዙን አስተካክሎ ወደ ካርቶኑ ተጠጋ።

«በሉ እንግዲህ፣ የየራሳችሁን ከአፉ ሰማችሁ» አሉ አዴ ዙለይኻ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ ከቦርሳቸው መቀስ እያወጡ፤ «የእኔ ዙሪያውን ስለሆነ ከእኔ እንጀምር።»