ከመስኮቱ ሥር ያለው እርጥበት

እናትየዋ አበባ የተተከለበትን ትልቅ ሸክላ በጉልበቷ እየገፋች ከመስኮቱ ሥር ልታደርሰው ትንሽ ቀርቷታል። እዚያ ግድግዳው ግርጌ የዝናብ ውኃ ያበላሸው ቦታ አለ፤ ቀለሙ ተልጧል፣ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። ልጇ ቤት አሻሻጭ ናት፤ አለቃዋ ይህን ቤት ካልሸጥሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ ብሏታል። ይህን እያወቀች እጇን አጣጥፋ እንዴት ትቀመጥ?

የመጣችው እንኳ ወለል ልትወለውል ነበር። ጽዳት ሠራተኛዋ ስትቀር ልጅቷ «እማ፣ አንዴ ድረሽልኝ» አለቻት፤ እሷም ሻሿን መንገድ ላይ እያሰረች በረረች። እንግዳ ሲመጣ የተቀደደ ሶፋ ላይ ጨርቅ ጣል የምታደርግ ሴት ናት። ይህንንም ከዚያ አልለየችውም።

ቤቱስ ቤት ነው። ጣሪያው ሩቅ፣ ወለሉ የድሮ ጣውላ፣ መስኮቶቹ የሰው ቁመት የሚያክሉ። ከታች ዛፍ ያጠላበት የድንጋይ መንገድ ይታያል። ሰፈሩ የጥንት ነው፤ ዛሬ ግን ባለገንዘብ ይሻማበታል።

በሩ ሲከፈት ሸክላውን የተበላሸው ቦታ ፊት ትታ ወጥ ቤት ገባች። ልጅቷ ገዢዎቹን፣ አንዲት ሐኪምና ባሏን፣ ከታች ተቀብላ ይዛቸው መጣች።

«ግንቡ የአያቶቻችን ዘመን ነው፤ አልተነካም። የውኃና የመብራት መስመሩ ግን አዲስ ነው» ትላለች ልጅቷ። እናትየዋ ከበሩ ጀርባ ሆና ጆሮዋን አላመነችም። ይቺ ናት እቤት ጨው አቀብዪኝ ሲሏት የምታጉረመርመው?

«ጣሪያውን ሳይ አንገቴ ተቀጨ» አለ ባልየው።

«ሐኪም አግብተህ ምን አስጨነቀህ?» አለች ሚስቱ።

ልጅቷ ከሸክላው ፊት ስትደርስ ቆመች። ሸክላውን አየች፣ ከዚያ የወጥ ቤቱን በር አየች። ዝም ብለሽ እለፊ፣ የኔ ልጅ፣ አለች እናትየዋ በሆዷ። ልጅቷ ግን ጎንበስ ብላ ሸክላውን ወደ ጎን ጎተተችው።

«የዚህ አበባ ቦታ በረንዳው ነው። እዚህ ያመጣችው እናቴ ናት፣ እኔን ልትረዳ ብላ። እማ፣ ነይ ውጪ።»

እናትየዋ እርጥብ ጨርቋን እንደያዘች ወጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ክረምት ሲበረታ በዚህ መስኮት ውኃ ይገባል» ቀጠለች ልጅቷ። «ቀለም ቀብቶ መደበቅ ይቻል ነበር። ግን ክፈፉ መቀየር አለበት። የቤቱ ባለቤት አሠርቶ እንዲያስረክብ እነግረዋለሁ።»

ባልየው ቁጢጥ ብሎ ግድግዳውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ሐኪሟ ግን ዐይኗ እናትየዋ ላይ ነው።

«እማማ፣ ይህን ሁሉ ሸክላ ብቻዎን ገፉት?»

«ገፋሁት።»

«ወገብዎን አላመመዎትም?»

«አሁን ገና ሊያመኝ ነው።»

ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት። «እስካሁን ያየናቸው ቤቶች ሁሉ አንድም እንከን የላቸውም ተብለናል» አለች። «እኔ ደግሞ የትም አያመኝም የሚል በሽተኛ ነው የምፈራው። ነገ መሐንዲስ ይዘን እንመጣለን። ሌላም ጉድ ካለ አሁኑኑ አሳዪን።»

«የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲጢጥ ይላል» አለች ልጅቷ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

እናትየዋ አፏን ያዘች። ልትቆጣ ያሰበችው ቁጣ ግን አልመጣ አላት። ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ዛሬ የቆመችበት አቋቋም ሌላ ነው፣ አገጯ ቀና ያለ።

ገዢዎቹ ሲሄዱ ልጅቷ በሩን ቆለፈች።

«ተቀየምሽኝ፣ እማ?»

«እኔ? መቀየም የሚገባሽስ አንቺ።»

«እሱማ ይደርስሻል። መጀመሪያ ወገብሽ ይዳን።»

ልጅቷ ቀድማ በሰፊው ደረጃ ወረደች። የሕንፃው ጠባቂ ስትመጣ አይቶ ከወንበሩ ተነሣ፤ ኮፍያውንም አወለቀ። ከኋላዋ ያለችውን ሻሽ ያሰረች ሴት ሲያይ «እናትዎ ናቸው?» ብሎ ጠየቃት።

«እናቴ ናት።»

ጠባቂው አልተቀመጠም፤ እናትየዋ እስክታልፍ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። እሷም የቀሩትን ደረጃዎች ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን እየረገጠች ወረደች። የሚያስቸኩላት ነገር አልነበረም።