ሙሽራ እየከሳች ነው… ውጤቱ ግን ንጹሕ ነው

«ምንም የለም…»

ሲፈን ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አነሳች። ደግማ አየች። አንድም የትል እንቁላል የለም።

ግራ ገባት።

ሲፈን ዙሪክ የእንስሳት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። አባቷ አቶ ደጀኔ ደግሞ ጄኔቫ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ከከተማው ወጣ ያለ መስክ ተከራይተው አልፓካ ማርባት ጀመሩ…

አልፓካ የግመል ዘመድ ናት። ግን አነስ ያለች፣ ሱፋም።

ከሁሉም የሚወዱት ነጯን ነው። ስሟን «ሙሽራ» አሏት።

ሰሞኑን ሙሽራ ታመመች። ሲፈን የሆድ ትል ጠረጠረችና በጠጧን በፖስታ እንዲልኩላት አባቷን ጠየቀች። ላኩ።

ንጹሕ።

እንደገና ላኩ። አሁንም ንጹሕ።

እናቷ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ምንም ትል የለባትም እኮ።»

«እኔ አላውቅም ልጄ። ሱፏ ሸፍኗት ነው እንጂ ጀርባዋን ስዳብሰው አጥንት ብቻ ነው።»

ሲፈን ራሷን መጠራጠር ጀመረች።

እንቁላሉ እንዲንሳፈፍ በጠጡ በስኳር ውሃ ይበጠበጣል። «ስኳሩ ሳስቶብኝ ይሆን?» ብላ አወፈረችው። የሥራ ባልደረባዋም አየላት።

ምንም…

ቅዳሜ ለማንም ሳትናገር ባቡር ይዛ ጄኔቫ ሄደች።

አጥሩ ጋ ስትደርስ አባቷ ጓንት አጥልቀው ከአንዲት የደለበች ጥቁር አልፓካ ኋላ ኋላ ይሄዳሉ። በጠጧን ለቀም አድርገው ላስቲክ ውስጥ ከተቱ። ላስቲኩ ላይ «ሙሽራ» ብለው ጻፉ።

ሙሽራ ግን ወዲያ ጥግ ላይ ተኝታለች።

«አባዬ… ምን እያደረግክ ነው?»

አቶ ደጀኔ ደንግጠው ዞሩ።

«ይሄ የሙሽራ አይደለም እኮ።»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

ጓንታቸውን አወለቁ።

«አምና ትል ሲገኝ ምን አልሽኝ?»

ሲፈን አላስታወሰችም።

«ደግመው ከታመሙ ይሸጣሉ፣ ደክሞሃል፣ ቤትህ ተቀመጥ አልሽኝ። ቤት ተቀምጬ ምን ልሁን፣ ልጄ? ከአምና የተረፈውን መድኃኒት በድብቅ እየሰጠኋት ነው። ለምን እንደማይሻላት ግን አልገባኝም።»

ሲፈን ላስቲኩን ከእጃቸው ተቀበለች። ለካ ስትፈትሽ የከረመችው የጤነኛዋን ነው…

የዚያን ቀን በጠጡን ራሷ ከሙሽራ ወሰደች። ዙሪክ ተመልሳ ማይክሮስኮፑ ሥር ስታየው እንቁላል በእንቁላል ነው። አምና የሠራውን መድኃኒት ትሎቹ ለምደውታል። አንድ የእንስሳት ሐኪም ሌላ መድኃኒት አዘዘ። የቀሩት አልፓካዎች ተረፉ።

ለሙሽራ ግን አልደረሰላትም፤ ሞተች።

«ደብቄ ገደልኳት» አሉ አቶ ደጀኔ።

ሲፈን እጃቸውን ያዘች።

«ያስፈራራሁህ እኔ ነኝ፣ አባዬ። ከእንግዲህ መጥፎውንም ንገረኝ። አይሸጡም።»

ወዳጆቼ… «ውሸታም» ብለን የምንፈርድበት ሰው፣ አንድ ቀን እውነቱን ነግሮን የተቆጣነው ሊሆን ይችላል። እውነት የሚያስቀጣበት ቤት ውስጥ የምንሰማው ሁሉ «ደህና ነው» ብቻ ነው። በሽታው ግን ውስጥ ውስጡን ይበላል።

እስቲ ንገሩኝ… እናንተ ቤት ችግሩን ሊነግራችሁ የሚፈራ ሰው አለ? ያስፈራው ነገርስ ምን ይመስላችኋል?