ከጥቁሩ ሥር ያለው ቀለም

እሑድ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ሦስታችን ነበርን፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። አባቴ ከረባቱን አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ ተቀምጧል። ጡረታ ስለወጣ የሥራ ጓደኞቹ አውሮፕላን በሚጠግኑበት ሃንጋር ውስጥ ሊሸኙት ነው። ካንዴላ የሚሉት ባልደረባው በመኪና መጥቶ እስኪወስደው ይጠብቃል።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ ገለጥሁና አውሮፕላኗን አሳየሁት።

ሞዴል ናት፤ ክንፏ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ስንዝር ይሆናል። እርሻ ላይ ጸረ ተባይ የምትረጨዋን፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሞተሯን ሲፈታና ሲገጥም የኖረላትን አውሮፕላን መጠኗን ጠብቄ አሳንሼ ከእንጨትና ከቆርቆሮ ሠራኋት። ዋናዋ ባለፈው ክረምት ተቆራርጣ ለብረት ገዥ ተሸጣለች። ያን ቀን አባቴ እራት አልበላም። እናም ይህችን ይዟት ሸኚዎቹ ፊት እንዲገባ ፈለግሁ። ይህን ግን በአፌ አልነገርኩትም፤ እንዲህ ያለ ነገር መናገር አይሆንልኝም።

አባቴ መነጽሩን አደረገ። ፕሮፔለሯን በአንድ ጣቱ አዞረ። አነሣትና ከሆዷ በኩል አያት።

"እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ ደክመህባታል" አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ሳሎኑን ቃኘ። "እዚህ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ብናኖራት ታምራለች።"

እንግዳ እንኳን እንዲህ ባለ ትሕትና አያመሰግንም። አንገቴን ደፋሁ።

"ይዘሃት አትሄድም እንዴ?" አለች እናቴ። በሩ ላይ ቆማ የኮቱን ትከሻ በብሩሽ እየመታች ነበር።

"ምን ዕቃ ያሸክመኛል?"

"አልወደድካትም" አለችው።

"ምነው፣ ቆንጆ ናት እኮ። ቆንጆነቷን ማን ካደ?" አገጩን አሸ። "ብቻ እሷ አይደለችም። የአጎቷን ልጅ ነው የምትመስለው።"

ምኗ እንደጎደለ ጠየቅሁት። እሱም አላወቀውም። ቢጫው ቀለም ልክ ነው። ብሎኖቹ በየቦታቸው ናቸው። የጭስ ማውጫው በቀኝ በኩል ነው፤ ከአፉ ወደ ኋላ የተዘረጋው ጥቀርሻ እንኳን አልቀረም። ከሁሉ ይልቅ የኮራሁትም በጥቀርሻው ነበር። ንጹሕ አውሮፕላን መጫወቻ ነው የሚመስለው። ስትሠራ የኖረች እንድትመስል ጥቁር ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ፣ ብሩሹን ከጭስ ማውጫው እስከ ክንፏ ሥር ጎትቼዋለሁ።

እናቴ ኮቱን ወንበር ላይ አንጠልጥላ መጣች። ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች።

"እኔ ሳጥበው የኖርኩትን ጥቀርሻ ይህ ልጅ ቀለም ገዝቶ ይቀባል?" አለች። ወዲያው ግን ሳቋን ተወችና ዓይኗን አጠበበች። "ጥቁር ብቻ ነው እንዴ ያደረግህበት?"

"ጭስ ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል?" አለ አባቴ።

"ጥቁሩማ በመጀመሪያው ውኃ ይለቃል። እኔን ያስለቀሰኝ ከሥሩ ያለው ቡናማው ነው። የዛገ ምስማር ያረፈበት ይመስላል፤ ዳር ዳሩ ደግሞ አመድ አመድ ይላል። በሳሙና ብትለው፣ በሎሚ ብትለው፣ ወይ ፍንክች።"

"አንቺ ደግሞ መቼ አየሻት? ሃንጋሩ ደጃፍ እንኳን ደርሰሽ አታውቂም።"

"ማን ጋብዞኝ? እሷንማ አላየኋትም። የቱታህን እጅጌ ነው ያየሁት።"

አባቴ ቀኝ እጁን ዘርግቶ የሸሚዙን እጅጌ አገላብጦ አየው፤ ነጭ ነው።

"ቡናማ" አለ ለራሱ። "እውነቷን ነው።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? መሥሪያህን አምጣና አስተካክላት እንጂ።"

ጨርቅ አኳራጅ ነክሬ፣ ቢጫው እንዳይነካ እየተጠነቀቅሁ ጥቁሩን ጠረግሁት። ለቡናማው የጡብ ስባሪ ፈጨሁ፤ ከሰል ጨመርኩበት። ከስፖንጅ ላይ ቁራሽ ቀድጄ ዱቄቱን ማስነካት ስጀምር እናቴ ከጀርባዬ አልተነቃነቀችም።

"አትጫነው። ጭስ ይለጠፋል እንዴ? አስነካና ተወው።"

"እንዲህ?"

"በዛ። ግድግዳ ልትለስን ነው?"

"ተይው እስቲ፣ ይሥራበት" አለ አባቴ። እሱም ግን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ስቦ ነበር።

የተረፈውን በአውራ ጣቴ ወደ ኋላ፣ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል አሸሁት። የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ቡናማ ሆነ፤ ቀጥሎ ጠቆረ፤ ከዚያ እየሳሳ ሄደና የት ላይ እንዳለቀ መለየት አቃተኝ። እናቴ ከምድጃው አመድ ቆንጥራ መጣች። ዳር ዳሩን ራሷ በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው።

"ይኸውልህ፣ ያ የእጅጌው ባላንጣዬ" አለችኝ።

አውሮፕላኗን ወደ አባቴ አዞርኩለት። የጭስ ማውጫው አፍ ወደ ፊቱ ሆነ።

አባቴ ጎንበስ አለ። አንድ ዓይኑን ጨፈነና ፊቱን ወደ ጎን ዘወር አደረገ፤ ሞተር ሲነሣ ጭሱ እንዳያገኘው እንደሚሸሽ ሰው። እንዲህ ማድረጉን ራሱም ያወቀው አልመሰለኝም። እናቴ እሱን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"መወልወያ ጨርቅ የለም እዚህ ቤት?" አለ አባቴ እጁን እየዘረጋ። "እንዲህ ሆና ሰው ፊት ትቀርባለች?"

"እንዳትነካት" አለች እናቴ።

ውጭ ክላክስ ጮኸ። ካንዴላ ነበር። እናቴ ኮቱን አለበሰችው። አባቴ አውሮፕላኗን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። መኪናው ውስጥ ጭኑ ላይ አደረጋት፤ ሁለቱም እጆቹ ስለተያዙ በሩን እናቴ ዘጋችለት።