የአባዬ ፊርማ እኔ ጋ ነው

አዲሱ ሕግ፣ ሠራተኛ ሁሉ በየአምስት ዓመቱ አዲስ ሙያ ይማር፣ መቻሉንም ቤቱ ያለ ተማሪ ይፈርምለት ይላል። አባዬ ሹፌር ነበር። አውቶቡሶቹ ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ የባትሪ ጥገና ተማረ፤ አሳምሮ ችሎታል። እኔ ግን ፊርማዬን ሁለት ሳምንት ያዝኩት፤ እሱም ሥራ ፈቶ ቤት ዋለ። ምን ላድርግ? መቆጣት ትቶልኛላ!

ትናንት ፀጉሬን ቀይ ተቀብቼ ገባሁ። እማዬ «ጉድ ፈላ!» ብላ ወደ አባዬ ዞረች።

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። «ያምርብሻል» አለ፣ አለቃውን እንደሚያናግር ሰው ቀስ ብሎ።

አንጀቴን በላው። ወረቀቱን አምጥቼ ፈረምኩለት።

ሁለቴ አነበበውና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ፣ «አንቺ! ምንድነው ይሄ ራስሽ ላይ የደፋሽው? ተነሽ ታጠቢ!»

«እሺ አባዬ» አልኩና ሳቄን ሳያይብኝ ወደ መታጠቢያው ሮጥኩ።