ማብራሪያ የሌለው መስመር

ከኮዱ ውስጥ ትርፍ ክፍተቶችን እየሰረዝኩ ወደ ታች እወርዳለሁ። የክሊኒኩን ድረ ገጽ የሠራው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ የምይዘው ግን እኔ ነኝ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል።

ሴቶች ቀጠሮ የሚይዙበት ቅጽ ላይ ስደርስ ጣቴ ይቆማል። ስማቸውንና የሚመጡበትን ጉዳይ ለአዋላጇ የሚልክ መስመር አለ። ከሥሩ ደግሞ ያንኑ ወደማላውቀው ኢሜይል የሚልክ ሌላ መስመር።

ከጎኑ ማብራሪያ የለውም። ወንድሜ አንድ መስመር ሲጽፍ ለምን እንደጻፈው ሳያስቀምጥ አያልፍም፤ ኮድ ሲያስተምረኝ ጆሮዬን የቆነጠጠኝ በዚህ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ አድራሻ የማን ነው?»

«የቱ?» አንገቱን ያሰግጋል። «እ... እሱማ የሙከራ ነው። ያኔ ስጀምር የከፈትኩት። ከተዘጋ ስንት ጊዜው!»

«መስመሩን ሳታጠፋው ቀረህ?»

«ኧረ ሚጡ፣ መርማሪ ሆንሽብኝ እኮ! ሰው አይረሳም? እንኪ፣ ብርቱካን ብዪ።»

የኮዱን ለውጦች ከነቀናቸው የሚይዘውን መዝገብ እከፍታለሁ። ድረ ገጹ ሁለት ዓመቱ ነው። መስመሩ የገባው ባለፈው ሐሙስ።

ትናንት ሚስቱ ደውላልኝ ነበር። ዛሬ ከሥራ ስትወጣ በዚህ ቅጽ ቀጠሮ ልትይዝ ነው። ጉዳይዋን አልነገረችኝም፤ «ለወንድምሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» ብቻ ነው ያለችኝ።

ቅጹን ከፍቼ በስም ቦታ «ሙከራ» ብዬ እሞላለሁ፤ በጉዳይ ቦታ አንዲት ነጥብ። ልኬው ዞር እላለሁ።

የወንድሜ ስልክ ድምፅ አያሰማም። ግን በስስ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ አራት ማዕዘን ብርሃን ቦግ ይልና ይጠፋል።

ሁለታችንም አይተነዋል። ልጣጮቹን ጠረጴዛው ላይ በመጠናቸው መደርደር ይጀምራል።

«ሚጡ...»

«ልጨርስ ጋሼ።»

መስመሩን አጠፋለሁ። የተስተካከለውን ፋይል ድረ ገጹ ወዳለበት ሰርቨር እልካለሁ። ከዚያ በግራ እጄ ኪቦርዱን ከልዬ፣ በቀኜ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣ የድረ ገጹን የይለፍ ቃል እቀይራለሁ።

«ለኔም ንገሪኝ እንጂ፤ ድንገት ብልሽት ቢያጋጥም...»

ሁለተኛ ሙከራ እልካለሁ። ኪሱን እያየሁ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ። እሱም ቁልቁል ኪሱን ያያል። አይበራም።

ላፕቶፑን ከድኜ ከእሱ አርቄ ወደ ግድግዳው ገፋ አደርገዋለሁ።