የዱብዬ ዓይን

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ጠብታ እንባ ነው። ዱብዬ የተባለው ነጭ ጥንቸል ግራ ዓይኑ ውሃ ውሃ ይል ጀመር፤ ከዓይኑ ስር ያለው ፀጉርም ረጥቦ ተጣበቀ። እናት ሆዬ ይህን ስታይ ልቧ ስንጥቅ አለ።

የአምስት ዓመት ልጇና ዱብዬ እጅና ጓንት ናቸው። የጥንቸሉ የዓይን ሕመም ልጄ ላይ ቢጋባስ? ከዚያን ቀን ወዲህ እናት ዱብዬ የሚያድርበትን ሳጥን የምታየው በሩቁ ሆነ። ልጅቷን ግን ማን ችሎ ያርቃታል! ስለዚህ የዱብዬን ወሬ የምታመጣው ልጅቷ ሆነች።

"እማዬ፣ ዱብዬ ካሮት ስሰጠው እምቢ አለኝ።"

"ለምን?"

"እንጃ። እንካ እለዋለሁ፣ ዝም ይላል።"

በማግስቱ ደግሞ ልጅቷ እግሩን ረገጠችው።

"አይሸሽም እኮ!" ብላ እሷው አለቀሰች።

"አለቀለት፣ ታውሯል!" አለች እናት እጇን አፏ ላይ ጭና።

ባሏ በሳቅ ፈረሰ። "መነፅር እንግዛለታ! ጆሮ እንደሆነ አላነሰው፣ ማንጠልጠያ አይቸግርም።"

"አንተ ሳቅ! ልጅህን ዓይኗን ሲያማት ያን ጊዜ ጥርስህን አያለሁ።"

ለሐኪሙ የምትነግረው እንዳይጠፋባት እርሳስ አነሳችና በተንጋደደ ጽሕፈቷ ጫር ጫር አደረገች። ካሮት አያይም። ሰው ሲመጣበት አይሸሽም። ሲጠሩት አይዞርም። ልጅቷም ከጎኗ፣ አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ ተደፍታ፣ ጥንቸል ትስላለች።

"ቀና በይ፣ ትጎብጫለሽ!"

የእንስሳት ክሊኒኩ በር ላይ ልጅቷ ከወንበር ጋር ተጋጭታ ልትደፋ ነበር። "ጥድፊያዋን ከኔ ነው የወረሰችው" አለች እናት ይቅርታ በሚመስል ድምፅ።

ሐኪሙ ዱብዬን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ዓይኑን በነጭ ፎጣ ጠረገለትና ፎጣውን ጠቅልሎ አጠገቡ አኖረው። በባትሪ አበራበት፤ ብሌኑ ጥብብ አለ። ጣቱን በጎኑ ሲያሳልፍ ጥንቸሉ ዞር ብሎ አየው። ካሮት ከሩቅ ቢያሳየው ተንደርድሮ መጥቶ ነጠቀው።

"የገለባ አቧራ ገብቶበት ነው እህቴ። የጥንቸል ጥርስ ሲታመም ዓይኑን ያስለቅሰዋል፤ የሱ ጥርስ ግን ደህና ነው፣ አይቼዋለሁ። መኝታውን ቀይሪለት፣ ይችን ጠብታ አድርጊለት። ሰው ላይ አይጋባም። ዕይታው እንደሆነ ከኔም ይበልጣል።"

እናት ሳቋ አመለጣት። ሳምንቱን ሙሉ ያብሰለሰላት ጭንቀት ውልቅ ብሎ ሄደ። ለባሏ ምን ብላ እንደምትነግረው ታስብ ጀመር፤ እስኪሰለቻት ድረስ ይስቅባታል፣ ይሳቅ።

ሐኪሙ ግን እናት የሰጠችውን ያን የተንጋደደ ጽሕፈት ገና እያነበበ ነበር።

"ይሄን ሁሉ ያየሽው አንቺ ነሽ?"

"ኧረ እኔስ ፈርቼ መች ቀርቤው! ልጄ ናት የነገረችኝ።"

ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀምጦ ልጅቷን አያት። ከዚያ ለልጅቷ አንድ ቁራጭ ካሮት ሰጣት።

"እስቲ አንቺ ደግሞ አጉርሺው።"

ልጅቷ ፊቷ በራ። "እንካ ዱብዬ፣ እንካ የኔ ቆንጆ" አለችና ካሮቱን ለፎጣው ዘረጋችለት።