የሐይቁ ባላምባራስ

ጋሽ በዳዳ በየወሩ ከሐይቁ በጠርሙስ ውሃ እየቀዳ ለምርመራ እንዲልክ የተመደበ የሰፈራችን ሰው ነው። ስንቀልድበት «የሐይቁ ባላምባራስ» እንለዋለን። ታዲያ ባላምባራሱ ሐይቁ ዳር ከወረደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ውሃው ተበክሎ ከተገኘ አጠገቡ ያለው የአበባ እርሻ ይዘጋል፤ እርሻው ከተዘጋ ደግሞ እርጉዟ ልጁ ሌንሴ ከሥራ ትወጣለች። ስለዚህ ጠርሙሱን ከገዛ ግቢው ጉድጓድ ይሞላና «የሐይቅ ውሃ» ብሎ ጽፎበት ይልካል። ውጤቱ ሁልጊዜ «ንጹሕ» ነው።

ትናንት ግን የምርመራ ባለሙያዋ ራሷ ወረቀት ይዛ ከተፍ አለች።

«ጋሽ በዳዳ፣ በዚህ ወር የላኩት ውሃ የእርሻው ኬሚካል ገብቶበታል። እንኳን ሰው ከብትም እንዳይጠጣው። እርጉዝማ ጭራሽ።»

ጋሽ በዳዳ ወረቀቱን ገለበጠው፤ መልሶ ገለበጠው።

«ተሳስታችሁ እንዳይሆን?»

«ሦስት ጊዜ ነው የመረመርነው። ደግነቱ እናንተ የራሳችሁ ጉድጓድ አላችሁ።»

«እሱስ ተመስገን ነው» አለች ሚስቱ፣ በጣሳ ውሃ ይዛ ብቅ ብላ። «እንካ፣ እንደ ወጉ ቅመስና ለእንግዳዋ አቀብላት።»

ጋሽ በዳዳ ጣሳውን ተቀበለ። ባለሙያዋ እጇን ዘረጋች። እሱ ግን ትንፋሽ ሳይወስድ ጨለጠው።

«ወይ ጉድ፣ ቅመስ እንጂ ጨርስ ማን አለህ?» ሚስቱ ባዶውን ጣሳ ነጠቀችውና ወደ ጓሮ ዞረች። «ሌንሴ፣ ለእንግዳዋ ከጉድጓዱ ቅጂላት። አንቺም ጠጪ፣ ሐኪሙ ውሃ አብዢ ብሎሻል።»